አልፈለግኸውም፤ ግን ፈቅደኸዋል

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ወረዳዬን ባልጠቅስ ይሻለኛል። ዕድሜዬ 29 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ አግብቻለሁ፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።

የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ባላቸው ከሞተባቸው ጎረቤታችን ጋር በድንበር ተካሰሰ። የተጣሉባት መሬት አንድ ጥማድ የማትሞላ የጤፍ ማሳ ናት። የወሰኑ ድንጋይ የት እንደነበር በሚገባ አውቃለሁ፤ ከብት ስጠብቅ እየተቀመጥሁበት ያደግሁ ድንጋይ ነው። አባቴ አንድ ሌሊት ነቅሎ ወደ እርሳቸው ማሳ አርባ እርምጃ ያህል አስገብቶ ተከለው። ከዚያም እኔንና አጎቴን ምስክር አድርጎ ቆጠረን። «ድንጋዩ ከጥንትም እዚያው ነበር በል» አለኝ። እንቢ ስል «እንግዲያው ልጄ አይደለህም፤ ትምህርትህንም ማን እንደሚያስተምርህ አያለሁ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። በቀጠሮው ቀን ሄድሁ፤ ማልሁ፤ ዋሸሁ። አጎቴ ያን ቀን አረቄ ጠጥቶ ነበር የመጣው፤ ዛሬ ነገሩ ሲነሣበት «ሰክሬ ነበር፣ ያልሁትን አላስታውስም» ይላል። ከችሎት ስንወጣ ሴትዮዋ አልተሳደቡም፣ አልረገሙኝም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው «ልጄ፣ ድንጋዩን ታውቀዋለህ እኮ» ብቻ አሉኝ።

አባቴ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። መሬቱን ዛሬ የሚያርሱት እናቴና ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ጌሾ እንድገዛ ልካኝ ገበያ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ዋጋ ጠይቄ ቀና ስል ሻጯ እርሳቸው ናቸው። ጣሳውን ሞልተው ሰፈሩልኝ፤ ሲያበቁ አንድ እፍኝ ጨምረው መረቁልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ወንድሜ «ልጅ ነበርህ፣ ታዘዝህ፤ ጥፋቱ የአባታችን ነው» ይለኛል። እናቴ «የተጻፈ ነገር ነው» ትላለች። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደግሞ «ሰው ነጻ ፈቃድ እንደሌለው ሳይንስ አረጋግጧል፤ አንጎልህ ካንተ ቀድሞ ወስኖ ነበር» ይለኛል። የንስሐ አባቴ «የወሰድኸውን መልስ» ብለውኛል፤ እኔ ግን የወሰድሁት ነገር የለም፤ መሬቱም በስሜ አይደለም። እውነት ያ ሥራ የእኔ ነበር? ልጠየቅበትስ ይገባል?»

መልስ

ወንድሜ፣ ከአራቱ መካሪዎችህ ወደ እውነቱ የቀረቡት የንስሐ አባትህ ናቸው። የሌሎቹን ቃል ግን ለማጽናኛ የተነገረ ነው ብዬ አላልፈውም። ሦስቱም የነኩት ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲከራከርበት የኖረውን ጉዳይ ነው። አንድን ሥራ «የእኔ ነው» የሚያሰኘው ምንድን ነው? በግድ የተሠራውስ፣ ሳያውቁ የተሠራውስ ባለቤቱ ማን ነው?

ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያፈራ አገር ልጅ ነህና ከቃል ብነሣ አትቀየመኝም። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው። በአማርኛችን ግን ቃሉ ሌላ ፊት ይዟል፤ «ፈቀደ» ስንል አይሆንም ማለት እየቻለ ይሁን አለ ማለታችን ነው። «ፈቃድ» የሚለው ስም ሁለቱንም ተሸክሞ ቀርቷል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ስንል መሻቱን፣ የንግድ ፈቃድ ስንል ይሁንታን እናስባለን። ያንተ ጭንቀት የተቀመጠው በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ነው። ያን ቀን መዋሸት ፈልገህ ነበር? አልፈለግህም፤ ሦስት ሳምንት እንቢ ማለትህ ምስክር ነው። ፈቅደህ ነበር? አዎ፣ ፈቅደሃል። በገዛ እግርህ ሄድህ፣ በገዛ አፍህ ማልህ፣ ድንጋዩ የት እንደነበር እያወቅህ ሌላ ቦታ ነው አልህ። ሳይወዱ የሚፈቀድ ነገር አለ። ሰዎች «አልፈለግሁትም» ሲሉ ብዙ ጊዜ «አልፈቀድሁትም» ያሉ ይመስላቸዋል። የደብዳቤህ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው ያለው።

እውነተኛ መገደድ ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። አንድ ጉልበተኛ እጅህን ጨብጦ፣ አውራ ጣትህን ቀለም አስነክሮ፣ አንተ እየታገልህ ወረቀት ላይ ቢጫነው አሻራው ያንተ ነው፤ ሥራው ግን ያንተ አይደለም። በዚያች ሰዓት ጣትህ በሌላ ሰው እጅ የተያዘ ማኅተም ነው። ነፋስ ገፍቶ ከገደል የጣለው ሰው ከበታቹ ባለው ሰው ላይ ቢወድቅ «ለምን ወደቅህበት?» የሚለው የለም። ያው ጉልበተኛ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ካልፈረምህ እንዲህ አደርግሃለሁ» ቢልህና ጣትህን አንተው ራስህ ብትጭን ነገሩ ይለወጣል። ዛቻው ከውጭ መጥቷል፤ ጣቱን ያንቀሳቀሰው ውሳኔ ግን ከአንተ ወጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል። ፈጽሞ ሊቋቋመው በማይችል ኃይል ተገድዶ የሠራ ሰው አይቀጣም፤ አስገዳጁ ይጠየቃል። ሊቋቋመው በሚችል ዛቻ የሠራ ሰው ግን ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ የዛቻውን ክብደት፣ የሰውየውን ዕድሜና ከአስገዳጁ ጋር ያለውን ግንኙነት አይቶ ያቀልለታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ፈላስፋ አሪስቶትል ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሰጠው ምሳሌ ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። በማዕበል የተያዘ መርከበኛ ጭነቱን ወደ ባሕር ይወረውራል። ጭነቱን መጣል ወድዶ የሚጥል ሰው የለም፤ ነፍሱን ሊያድን ሲል ግን ልብ ያለው ሁሉ ይጥለዋል። አሪስቶትል እንዲህ ያለውን ሥራ ቅይጥ ብሎታል፤ ሆኖም ወደ ፈቃድ ሥራ ያደላል ይላል፤ በዚያች ሰዓት የተመረጠ ነውና፣ እጁንም ያንቀሳቀሰው ራሱ ሰውየው ነውና። መርከቡን ትተህ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ጭኖ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አስብ። ጣና ድንገት ሲናወጥ እንጨቱን ወደ ውኃው ቢጥል ባለ እንጨቱ ራሱ «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ይለዋል እንጂ አይከሰውም።

አንተ ግን ማዕበሉ ሲመጣብህ የራስህን ጭነት አልጣልህም። የጣልኸው የሌላ ሰው ጭነት ነው፤ ያውም በታንኳው ላይ ያልነበሩትን፣ ማዕበሉንም ያላስነሡትን ሴት ጭነት። መገደድ ሰበብ ሆኖ የሚቆመው እስከ የት እንደሆነ የምለካው በዚህ ነው። ፍርሃቱ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ብቻ አልጠይቅም፤ ዋጋውን ማን እንደከፈለ እጠይቃለሁ።

ይህን ስል ፍርሃትህን እያቃለልሁ አይደለም። ለገበሬ ልጅ ትምህርት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባቱ ያላናገረው ልጅ ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ። እኔም ጎጃም ገጠር ነው ያደግሁት፤ አባቴ ሲቀየመኝ አይመታኝም፣ አይቆጣኝም፤ ማዕድ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይጎርስ ነበር። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ብቻ እንጀራ ቆርሶ ወደ እኔ ሲገፋልኝ ማልቀሴን አስታውሳለሁ። አንተ ያን ሦስት ሳምንት ችለሃል። ስለዚህ ያን ልጅ ልፍረድበት ብል ፍርዴ ቀላል ነው የሚሆነው። ሕጉም ለልጅነት ቦታ አለው፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው የተለየ አያያዝ አለው፤ ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ይጠየቃል፣ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። አንተ 17 ነበርህ። ከደጁ ውጭ አልነበርህም፤ ደጁ ላይ ነበርህ።

ወንድምህ «ጥፋቱ የአባታችን ነው» ያለው የነገሩን ግማሽ ይዟል። ድንጋዩን የነቀሉት፣ ያስገደዱህ፣ የተጠቀሙት አባትህ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና የእርሳቸው ጥፋት ካንተ ይከብዳል። ነገር ግን ጥፋት እንጀራ አይደለም፤ አንዱ ብዙ ቆርሶ ስለወሰደ ለሌላው የሚቀረው አያንስም። አባትህ የሠሩት ሙሉ በሙሉ የእርሳቸው ነው፤ አንተ የሠራኸውም ያው የሠራኸው ነው። ደግሞም «ተጠያቂ» የሚለውን ቃል ልብ በል። የሚጠየቅ ማለት ነው፤ «ለምን?» ሲባል መልስ የሚኖረው። ፍየል አዝመራ ብትበላ ባለቤቷ ይጠየቃል እንጂ እርሷን ማንም ሽማግሌ ፊት አያቆማትም። ወንድምህ «ልጅ ነበርህ፣ ታዘዝህ» ሲልህ ሊያድንህ ብሎ ነው፤ ሳያውቀው ግን ከሚጠየቁት ማኅበር እያወጣህ ነው። እንዳንተ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ከዚያ ማኅበር መውጣት የሚወድድ አይመስለኝም።

ስለ አለማወቅም አንድ ነገር ልበል፤ አንተ በግልጽ ባታነሣውም ደብዳቤህ ውስጥ አለና። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ የተጻፈውን ታስታውሳለህ። አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር ገብቶ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ቀድሞ ጠላቱ ካልነበረ፣ ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል። ሕጉ እጁን ከልቡ ለይቶታል። አሁን አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ምሳሩ ወልቆ አጠገቡ የቆመ ልጁን ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታው። ሰውየው ልጁን ተሸክሞ እየሮጠ «አላወቅሁም፣ አላወቅሁም» ይል ነበር። ሚስቱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ «ብረቱ እየተወላገደ ነው፣ ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው» ስትለው ሰምተናል። የላላ ምሳር እንደሚዘፈዘፍ፣ ዛቢያው ሲጠጣ አብጦ ብረቱን እንደሚይዝ በአገራችን የማያውቅ የለም። «አንድ ዛፍ ለምትሆን ነገር» ብሎ ተወው። ልጁን ሊመታ ፈጽሞ አላሰበም፤ ምሳሩ መላላቱን ግን ያውቅ ነበር፤ መዘፍዘፉም በእጁ ነበር። ሕጉ ቸልተኝነት ይለዋል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምሳሩን ሳይዘፈዝፍ ያደረበት ሌሊት አላየሁም፤ ልጁ ድኖ፣ አግብቶ፣ ራሱ እንጨት የሚቆርጥ ከሆነም በኋላ ማለቴ ነው።

ይህን ያመጣሁት ሰው ስለማያውቀው ነገርም ሊጠየቅ እንደሚችል ላሳይህ ብዬ ነው፤ ማወቅ እየቻለ ሲተው። ስለ ድንጋዩ አላወቅሁም አላልህም፤ እውነተኛ ነህ። ግን ሴትዮዋ ከዚያ ፍርድ በኋላ በምን እንደኖሩ ታውቃለህ? በደብዳቤህ የለም። ጌሾ ሲሸጡ ያየሃቸው ጎንበስ ብለህ ስለነበር ነው፤ ቀና ብለህ ብትሄድ ኖሮ አስቀድመህ አይተህ በሌላ መንገድ ታልፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ። 12 ዓመት አለመጠየቅ ሳያውቁ መቅረት አይደለም፤ ላለማወቅ መትጋት ነው።

አጎትህን በተመለከተ ብዙ አልልም። ስካር ሰበብ የሚሆነው ጽዋውን ሌላ ሰው በግድ ሲያፈስስብህ ነው። በጥንት ዘመን የግሪኳ ከተማ የሚቲሊኒ ገዥ የነበረው ፒታኮስ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ካልሰከረው ይልቅ እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። የእኛም ሕግ ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረን ሰው እንዳልሰከረ ቆጥሮ ይጠይቀዋል። አጎትህ በዚያ ጠዋት አረቄ የፈለጉት ሊናገሩ ያለውን ያውቁ ስለነበር ይመስለኛል። ግን የእርሳቸውን በር አንተ አታንኳኳ። የራስህን ሥራ ከጨረስህ በኋላ ምናልባት እርሳቸው ራሳቸው ይመጣሉ።

ጓደኛህ ስለ አንጎል የነገረህ ነገር መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቤንጃሚን ሊቤት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሰዎችን አስቀምጦ ደስ ባላቸው ሰዓት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ጠየቃቸው፤ የመንቀሳቀስ ፍላጎቱ የተሰማቸውን ቅጽበት በሰዓት ላይ አይተው እንዲናገሩም አደረገ። በአንጎላቸው ውስጥ ዝግጅቱ የጀመረው እጃቸው ከመንቀሳቀሱ 550 ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ ነው፤ እነርሱ ፍላጎቱ ተሰማን ያሉት ግን 200 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው። ከዚህ ተነሥተው «አንጎል ቀድሞ ይወስናል» ያሉ ብዙ ናቸው። ሊቤት ራሱ ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ ፍላጎቱ ከተሰማ በኋላም ሰው «ይቅር» ብሎ ሊያቆመው የሚችልበት ጊዜ አለ ብሎ ያምን ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያ ቀድሞ የታየው የአንጎል እንቅስቃሴ ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል፣ ሁልጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል የአንጎል ውስጥ ሞገድ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የዚያ ሙከራ ሰዎች ምክንያት የሌለውን፣ ማንንም የማይጎዳ የእጅ እንቅስቃሴ ነው ያደረጉት። አንተ ሦስት ሳምንት አውጥተህ አውርደሃል፤ እንቢ ብለሃል፤ ተመልሰህ እሺ ብለሃል። ያን ሁሉ ሌሊት ያሰበው አንጎልህ ነው ቢባል እኔ አልጣላም፤ በሌላ በምን ልታስብ ኖሯል? ያንተ አንጎል ከሆነ ሐሳቡም ያንተ ነው።

እናትህ «የተጻፈ ነው» ማለታቸውን በርኅራኄ ስማው። በአገራችን የአርባ ቀን ዕድል የሚባለው ነገር ብዙ ኀዘንተኛ አጽናንቷል፤ ልጅ ለሞተባት፣ በረዶ ማሳዋን ለመታባት ሴት ከዚህ የተሻለ ቃል ላይገኝ ይችላል። ግን ይህ ቃል የተሠራው ለደረሰብን ነገር ነው እንጂ ላደረስነው አይደለም። እናትህም የሚጾሙባት፣ የሚያስቀድሱባት ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ነው፤ በምዕራፍ 15 እግዚአብሔር እሳትንና ውኃን በሰው ፊት እንዳኖረ፣ ሰውም እጁን ወደ ወደደው እንደሚዘረጋ ይናገራል። እናትህ ይህን ሳይሰሙ የቀሩ አይመስለኝም። በዚያች ማሳ የሚበቅለውን ጤፍ የሚጋግሩት እርሳቸው ናቸው፤ ያስፈራቸው እርሱ ይሆናል። ስትነግራቸው ይህን አስብ።

አሁን ወደሚከብደው ደርሻለሁ። እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አንድ ቀን ነው፤ ስለዚያች የችሎት ቀን። በእርሷ ላይ የሚቀልልህ ብዙ ነገር አለ፤ ዕድሜህ፣ የአባትህ ዛቻ፣ ብቻህን መሆንህ። ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ግን ምን እንበል? ትምህርትህን ጨርሰሃል፤ ደመወዝ ይዘሃል፤ «ልጄ አይደለህም» የሚሉህ አባት ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ያቺ ማሳ አምስት ጊዜ ተዘርታለች፣ አምስት ጊዜ ታጭዳለች። በ17 ዓመትህ የተነፈግኸው ምርጫ ሳትጠይቀው ተመልሶልህ በእጅህ ተቀምጧል። ያስፈራህ ሰው በሌለበት ዝም ማለትህን ያን ልጅ ያስፈራው ነገር ሊሸፍነው አይችልም። በዚያች ቀን ፈቃድህ ቅይጥ ነበር፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ግን ምንም አልተቀላቀለበትም። ይህን የምነግርህ ላከብድብህ ብዬ አይደለም። ያለፈውን ቀን አንተም እኔም ልንነካው አንችልም፤ የዛሬው ግን ያንተ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የአባትህ ቢሆን ኖሮ ልታደርገው የምትችለው ነገር ባልነበረ።

«እኔ የወሰድሁት ነገር የለም፤ መሬቱም በስሜ አይደለም» ብለሃል። እውነት ነው፣ መሬቱ በስምህ አይደለም። ቃሉ ግን በስምህ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ «ድንጋዩ ከጥንትም እዚያው ነበር» የሚለው ቃል ከስምህ ጋር ተጽፎ ተቀምጧል። የንስሐ አባትህ መልስ ያሉህ እርሱን ይመስለኛል። መሬቱን መመለስ የእናትህና የወንድምህ ነገር ነው፤ ቃልህን ለመመለስ ግን የማንንም ፊርማ አትጠብቅም።

እንዴት ለሚለው የምችለውን ልምከርህ። ከሁሉ አስቀድመህ ወደ ጠበቃ ሂድ፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ያንተ ነው፤ የሐሰት ምስክርነት ወንጀል ነውና ዛሬ ምን ሊያስከትልብህ እንደሚችል፣ ጊዜውና የያኔው ዕድሜህ ምን እንደሚለውጡ ከሚያውቅ ሰው ስማ። ሁለተኛው የሴትዮዋ ነው፣ ይበልጥብኛልም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 6 ላይ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ እንደ ሐሰተኛ ሰነድ፣ ሐሰተኛ ምስክርነት ወይም ጉቦ ያለ አዲስና ዋና ነገር የተገኘ እንደሆነ ተከራካሪው ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል ይላል። ማመልከቻው ግን ነገሩ በታወቀ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሴትዮዋ መዋሸትህን ድሮም ያውቃሉ፤ ያልነበራቸው ማስረጃው ነው፤ ፍርድ ቤት ይህን እንዴት እንደሚመለከተው፣ ያኔ ይግባኝ ተብሎ ከነበረም ምን እንደሚሆን ጠበቃው ይመርምረው። አንተ ከነገርሃቸው ቀን ጀምሮ ግን ወሩ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ስለዚህ የምስክርነት ቃልህን በጽሑፍ አዘጋጅተህ፣ በመሐላ የሚጸናበትን መንገድ ጠይቀህ፣ ወረቀቱን ይዘህ ሂድ። የልብህን ተናግረህ ለአንተ ቀልሎህ፣ እርሳቸው በቀጠሮና በማመልከቻ ሲንከራተቱ ወሩ ቢያልፍ ሁለተኛ በደል ይሆናል።

ወደ ሴትዮዋ ከመሄድህ በፊት ለእናትህና ለወንድምህ ንገራቸው። ፈቃዳቸውን አትጠይቅ፤ ሊያደርግ የቆረጠ ሰው እንደሚናገር ተናገር። ምናልባት እናትህ ያለቅሱ ይሆናል፣ ወንድምህም «የአባታችንን አጥንት ልታወጣ ነው» ይልህ ይሆናል። ታግሠህ ስማቸው። ከተስማሙ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ሊያልቅ፣ ወሰኑም በመሬት አስተዳደር መዝገብ ሊስተካከል ይችላል። ካልተስማሙም ቃልህ ያንተ ነው። የ12 ዓመቱን ምርት ለመካስ ብቻህን አቅም ላይኖርህ ይችላል፤ ከደመወዝህ የምትችለውን ቆርጠህ ጀምር፤ እርሳቸው ባይቀበሉ እንኳን ያቀረብኸው እውነተኛ ይሁን።

ሴትዮዋ ዘንድ ስትደርስ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፤ «ተገድጄ ነበር» በሚለው ቃል አትጀምር። እውነት ነው፤ ግን ለጠበቃህና ለንስሐ አባትህ የሚሆን እውነት ነው። ለእርሳቸው ያደረግኸውን ብቻ ንገራቸው። «ማን አስገደደህ?» ብለው ከጠየቁህ ያን ጊዜ መልስ። ብዙ ሽማግሌ ሰብስበህ አትሂድ፤ በሰው ብዛት ይቅር እንዲሉህ ማድረግም አንድ ዓይነት ማስገደድ ነው። የንስሐ አባትህ ይበቃሉ። በአገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክመህ ልትቀርብ ትችላለህ፤ ያን ካደረግህ ግን ያለ ተመልካች ይሁን። ይቅር ላይሉህ ይችላሉ። ያ የእርሳቸው ፈቃድ ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ።

በገበያ ቀን አትሂድ፤ ዕቃቸውን ዘርግተው ባሉበት፣ ሰው በሚያይበት ቦታ አታስጨንቃቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሂድ። ድንጋዩ የት እንደነበር ስትነግራቸውም ከደጃፋቸው ሆነህ በጣትህ አታመልክት። እሺ ካሉህ እስከ ማሳው አብረሃቸው ሂድና ከብት ስትጠብቅ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ቁም።